ሌላው የሚከፍልለት ጠብ፦ የውክልና ጦርነት በኮሪያ እንዴት ሠራ?

የሱዳን ጦርነት በኤፕሪል 2023 ፈንድቶ ስደተኞች በመተማ በኩል መግባት ከጀመሩ ወዲህ ጎንደር ውስጥ አንድ ሐረግ ተዘውትሯል፤ የውክልና ጦርነት። ሬዲዮው ይለዋል፣ ፒያሳ ቡና የሚጠጣው ይለዋል፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪም ይለዋል። ሐረጉ በዞረ ቁጥር ግን ትርጉሙ እየላላ ሄዷል። አንዳንዱ የውጭ አገር መሣሪያ የታየበትን ጦርነት ሁሉ የውክልና ይለዋል። ሌላው ደግሞ በውክልና ጦርነት ውስጥ የሚዋጉት ሰዎች የራሳቸው ጉዳይ የሌላቸው፣ በሩቅ ገመድ የሚጎተቱ ናቸው ብሎ ያምናል። ሁለቱም አያስኬዱም።

ነገሩ በደንብ የሚታየው በኮሪያ ጦርነት ነው። በዚያ ጦርነት ማን ማንን ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደተመለሰለትም ዛሬ በሰነድ ይታወቃል፤ ሩሲያ በ1994 የስታሊንን ዘመን ደብዳቤዎችና ቴሌግራሞች አውጥታ ለደቡብ ኮሪያ ሰጥታለች። ደግሞም የእኛ ሰዎች እዚያ ተዋግተው ሞተዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የውክልና ጦርነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ሁለት ኃያላን መንግሥታት ይቃቃራሉ፤ ፊት ለፊት ለመግጠም ግን አይደፍሩም። ስለዚህ በሦስተኛ አገር ውስጥ ለሚዋጉ ወገኖች ገንዘብ፣ መሣሪያ፣ ሥልጠና፣ የስለላ መረጃና የዲፕሎማሲ ከለላ እየሰጡ ጠባቸውን በእነሱ በኩል ያካሂዳሉ። የሚሰጠውን መንግሥት ደጋፊ፣ የሚዋጋውን ወገን ተደጋፊ ብለን እንቀጥል።

በገጠር የመሬት ሙግት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ርስት ይካሰሳሉ። ጠቡ የራሳቸው ነው፤ ማንም አልፈጠረላቸውም። በአካባቢው ግን ከቆየ ቂም የተነሣ የማይነጋገሩ ሁለት ባለጸጎች አሉ፤ አንዱ ለታላቁ ነገረ ፈጅ ይቀጥራል፣ ሌላው ለታናሹ። ከዚያ በኋላ የሙግቱ ጠባይ ይለወጣል። ወንድማማቾቹ በራሳቸው ኪስ ቢሟገቱ ኖሮ ጥቂት ቀጠሮ ተመላልሰው ሲደክማቸው ሽማግሌ ይጠሩ ነበር። አሁን የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለሆነ ይግባኝ በይግባኝ ላይ ይደረባል። ባለጸጎቹ የየራሳቸውን መሬት ለፍርድ አላቀረቡም፤ ጦም የሚያድረው የወንድማማቾቹ ማሳ ነው።

በቅጥረኛና በተደጋፊ መካከል ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። ቅጥረኛ ደመወዙ ሲቆም ይሄዳል። ተደጋፊ ግን ደጋፊው ቢተወውም ጠቡ አይተወውም።

ኮሪያ ለምን ለሁለት ተከፈለች?

ኮሪያ ከ1910 ጀምሮ የጃፓን ቅኝ ግዛት ነበረች። በኦገስት 1945 ጃፓን ልትንበረከክ ስትል የሶቪየት ጦር ከሰሜን ወደ ልሳነ ምድሩ እየገባ ነበር፤ የአሜሪካ ጦር ግን ገና ሩቅ ነው። ኦገስት 10 ለ11 አጥቢያ ዋሽንግተን ውስጥ ሁለት ኮሎኔሎች፣ ዲን ራስክና ቻርልስ ቦንስቲል፣ የናሽናል ጂኦግራፊክ ካርታ ተሰጥቷቸው ሁለቱ ጦሮች የጃፓንን እጅ የሚቀበሉበትን ወሰን እንዲያሰምሩ ታዘዙ። የነበራቸው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ነበር። ዋና ከተማዋን ሴኡልን ወደ አሜሪካ በኩል የሚያስቀረውን 38ኛውን የኬክሮስ መስመር መረጡ። ሶቪየቶች ያለ ክርክር ተስማሙ። ኮሪያውያንን የጠየቀ አልነበረም። (ራስክ በኋላ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኗል።)

መስመሩ ጊዜያዊ ይሆናል ተብሎ ነበር። ነገር ግን በሰሜኑ ሶቪየቶች፣ በደቡቡ አሜሪካውያን የየራሳቸውን ወዳጆች ወደ ሥልጣን አቀረቡ፤ አንድ መንግሥት ለማቋቋም የተደረገው ድርድርም ከሸፈ። በኦገስት 1948 በሴኡል የሲንግማን ሪ መንግሥት፣ በሴፕቴምበር በፒዮንግያንግ የኪም ኢል ሱንግ መንግሥት ታወጀ። ሁለቱም የመላዋ ኮሪያ ሕጋዊ ገዥ እኔ ነኝ አሉ። ትልቁ ጦርነት ከመጀመሩ በፊትም ደም ይፈስ ነበር። በ1948 በጄጁ ደሴት የተነሣው ዓመፅና እሱን ለማጥፋት የተካሄደው ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጅቷል፤ በመስመሩ ላይም ግጭቱ አልተቋረጠም።

ታዲያ ጦርነቱን የጀመሩት ኮሪያውያን ናቸው ወይስ ኃያላኑ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ኪም ኢል ሱንግ ደቡቡን በጦር ለመያዝ ፈቃድ የጠየቀው በማርች 1949 ሞስኮ ሄዶ ነው። ስታሊን እንቢ አለ። የአሜሪካ ወታደሮች ገና ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ነበሩ። ኪም ግን መለመኑን አልተወም። በመካከሉ ነገሮች ተለዋወጡ፦ በ1949 አጋማሽ የአሜሪካ ጦር ወጣ፣ በኦገስት ሶቪየት ኅብረት የአቶም ቦምብ ሞከረች፣ በኦክቶበር የኮሚኒስቶቹ መሪ ማኦ ቻይናን ያዘ። በጃንዋሪ 1950 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዲን አቸሰን አገሩ በፓስፊክ የምትከላከለውን መስመር ሲዘረዝር ኮሪያን አልጠራም። በዚያው ወር መጨረሻ ስታሊን ለመነጋገር ፈቃደኛ መሆኑን ለኪም አስታወቀ፤ በኤፕሪል ሞስኮ ላይ ሲገናኙም ከቅድመ ሁኔታ ጋር እሺ አለው። ቅድመ ሁኔታው የውክልና ጦርነትን ምንነት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፦ ማኦ መስማማት አለበት፤ ነገር ቢበላሽም የሶቪየት ወታደር አይመጣልህም፣ ማኦን ጠይቅ። ኪም በሜይ ወደ ቤጂንግ ሄዶ የማኦን ይሁንታ አገኘ። ጁን 25 ቀን 1950 ጎሕ ሳይቀድ ጦሩ በሶቪየት ሠራሽ ቲ-34 ታንኮች እየተመራ መስመሩን ጣሰ።

በደቡቡም በኩል ሲንግማን ሪ ወደ ሰሜን ካልዘመትሁ እያለ ይዝት ስለነበር አሜሪካ ታንክና ከባድ መድፍ ሆን ብላ ነፍጋው ነበር። ይህ ጥንቃቄ ጦርነቱ ሲጀመር ደቡቡን ባዶ እጁን አስቀረው፤ ሴኡል በሦስት ቀን ወደቀች።

እንግዲህ የጦርነቱ ሐሳብ የኪም ነበር፤ ፈቃዱ፣ ታንኩና የዘመቻው ዕቅድ ከሞስኮ መጣ። አንዱ ከሌላው ውጭ አይሆንም ነበር። “ኃያላኑ አጋደሉን” የሚለው አነጋገር ግማሹን እውነት ብቻ ይናገራል።

ኃያላኑ ለምን ፊት ለፊት አልገጠሙም?

አጭሩ መልስ የአቶም ቦምብ ነው። ከ1949 በኋላ ሁለቱም ነበራቸው። ረጅሙ መልስ ግን ይበልጥ አስተማሪ ነው፤ ምክንያቱም በእርግጥ ገጥመው ነበር፣ በአየር ላይ።

የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ወረራውን አውግዞ አባል አገሮች ደቡቡን እንዲረዱ ሲጠይቅ የሶቪየት ተወካይ ወንበር ባዶ ነበር። ሞስኮ የቻይና መቀመጫ ለማኦ መንግሥት ይሰጥ ስትል ከጃንዋሪ ጀምሮ ስብሰባውን አድማ መትታበት ስለነበር ውሳኔውን በድምፅ የመሻር ዕድሏን አጣች። ስለዚህ ጦሩ በአሜሪካ አዛዥነት፣ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዘመተ። 16 አገሮች ተዋጊ ወታደር ላኩ።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ በልሳነ ምድሩ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ተመላለሰ። በኦገስት የደቡቡ ጦርና አሜሪካውያን በቡሳን ወደብ ዙሪያ ባለች ጠባብ ጥግ ተከበው ነበር። ሴፕቴምበር 15 የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ማክአርተር ከጠላት ጀርባ በኢንቾን የባሕር ዳርቻ ጦር አውርዶ ሁኔታውን ገለበጠ፤ በኦክቶበር ፒዮንግያንግ ተያዘች፣ ጦሩም ወደ ቻይና ድንበር ተጠጋ። ያን ጊዜ ቻይና የያሉን ወንዝ ተሻግራ ገባች። የገባው መደበኛ ጦሯ ሲሆን ስሙ ግን “የሕዝብ በጎ ፈቃደኞች” ተባለ። እነዚህ በብዙ መቶ ሺዎች የሚቆጠሩ “በጎ ፈቃደኞች” አሜሪካውያንን ወደ ደቡብ መለሷቸው። ጃንዋሪ 1951 ላይ ሴኡል እንደገና ወደቀች፣ በማርች እንደገና ተመለሰች። አንዲት ከተማ በዘጠኝ ወር ውስጥ አራት ጊዜ እጅ ለወጠች።

አሁን ወደ አየሩ እንመለስ። ከኖቬምበር 1950 ጀምሮ በሰሜን ኮሪያ ሰማይ ላይ ሚግ-15 የተባለውን የሶቪየት ተዋጊ ጄት የሚያበሩት በአብዛኛው የሶቪየት አብራሪዎች ነበሩ። አውሮፕላኖቹ የቻይና ወይም የሰሜን ኮሪያ ምልክት ተቀብቶላቸዋል፤ አብራሪዎቹ የቻይና የደንብ ልብስ ለብሰዋል፤ በሬዲዮ ሩሲያኛ እንዳይናገሩም ታዘዋል። አንድ ሰው ሞት አፍንጫው ሥር ደርሶ በማያውቀው ቋንቋ እንዲጮህ ማዘዝ ከንቱ ነው፤ ውጊያው ሲጋል በሩሲያኛ ይጣሩ ነበር፣ አሜሪካውያንም ይሰሙ ነበር። ያም ሆኖ ዋሽንግተን ዝም አለች። ብትናገር ሕዝቧ በቀል ይጠይቃል፣ በቀሉም ወደ ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ይወስዳል ብላ ፈራች። የሶቪየት አብራሪዎችም ቢመቱ እንዳይማረኩ ወደ ግንባሩና ወደ ባሕሩ እንዳይጠጉ ተከለከሉ። ጠላቶቹ ሳይነጋገሩ አንድን ምሥጢር አብረው ጠበቁ።

ማክአርተር ይህን ልጓም አልወደደውም። ጦርነቱ ወደ ቻይና እንዲሰፋ በአደባባይ ሲወተውት ፕሬዚዳንት ትሩማን በኤፕሪል 1951 ከሥልጣኑ አነሣው። ልጓሙ ዓለምን ከከፋ ጥፋት አድኖ ይሆናል። ለኮሪያውያን ግን ያተረፈው ማንም የማያሸንፍበትን ጦርነት ነው። እያንዳንዱ ደጋፊ ተደጋፊው እንዳይሸነፍ የሚበቃውን ያህል ይሰጣል፤ እንዲያሸንፍ የሚያስፈልገውን ግን ሌላውን ደጋፊ ያስቆጣል ብሎ ይይዛል። የዚህ ዓይነት ጦርነት ለምን እንደሚረዝም ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ኢትዮጵያ እዚያ ምን አገባት?

የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በኤፕሪል 1951 ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ በሜይ መጀመሪያ ቡሳን ደረሰ። ወታደሮቹ ከክብር ዘበኛ የተመረጡ ነበሩ፤ ስሙም የራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመድበው፣ በአሜሪካ መሣሪያ ታጥቀው፣ በመካከለኛው ግንባር ተራሮች ላይ ተዋጉ። ጦርነቱ እስኪቆም ሦስት ሻለቃዎች ተፈራርቀዋል፤ ከ3 ሺህ በላይ ሰው ማለት ነው። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አለመማረኩ እስከ ዛሬ ይነገርላቸዋል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦር የላኩት አሜሪካ ስላዘዘቻቸው ነው የሚል አስተያየት ይሰማል። ነገሩ ከዚያ ይወፍራል። ኢትዮጵያ በኢጣልያ ስትወረር የመንግሥታቱ ማኅበር አልደረሰላትም፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጁን 1936 ጄኔቭ ቆመው ያሰሙት አቤቱታ ሰሚ አላገኘም። የተወረረን አገር ሌሎች በጋራ ይርዱት የሚለው መርሕ ለእሳቸው የግል ቁስል ነበር። ከመርሑ ጎን ደግሞ ስሌት አለ። የኤርትራ ጉዳይ በተባበሩት መንግሥታት ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ጠቅላላ ጉባኤው በዲሴምበር 1950 ፌዴሬሽኑን ሲወስን አሜሪካ ደግፋለች። ዘመናዊ መሣሪያና ሥልጠናም ያስፈልግ ነበር፤ በሜይ 1953 ኢትዮጵያና አሜሪካ የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ተፈራረሙ፣ አሜሪካም የአስመራውን የመገናኛ ጣቢያ አገኘች፤ እሱም ቃኘው ተባለ። ትንሽ አገር በኃያላን ጠብ ውስጥ ሲገባ የራሱን ሒሳብ ይዞ እንደሚገባ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሒሳቡ ግን ለዘማቾቹ አልተከፈለም። ደርግ ሥልጣን ከያዘና ከፒዮንግያንግ ጋር ከተወዳጀ በኋላ ከኮሚኒስቶች ጋር ተዋግቻለሁ ብሎ ኒሻን ማንጠልጠል የሚያኮራ መሆኑ ቀረ። አዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር የነበሩት አርበኞች ታሪካቸውን ለብዙ ዓመት በየቤታቸው ይዘው ኖሩ።

ለመቆም ለምን ያን ያህል ጊዜ ፈጀ?

የተኩስ አቁም ንግግር በጁላይ 1951 ተጀመረ። በዚያን ጊዜ ግንባሩ 38ኛው መስመር አካባቢ ቆሞ ነበር፤ ስምምነቱ የተፈረመው ግን ጁላይ 27 ቀን 1953 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ድርድሩም ውጊያውም ጎን ለጎን ሄዱ። ትልቁ ማነቆ ምርኮኞች ነበሩ። አሜሪካ ወደ ቻይናና ወደ ሰሜን ኮሪያ መመለስ የማይፈልግ ምርኮኛ አይገደድም አለች፤ ሌላው ወገን ሁሉም ይመለሱ አለ። ስታሊንም ለመቸኮል ምክንያት አልነበረውም። አሜሪካ እዚያ ተጠምዳ ደሟንና ገንዘቧን ታፈስ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለቻይና ከሚያቀርበው መሣሪያ ብዙው በብድር ነበር፣ ቻይናም ከዓመታት በኋላ ድረስ ስትከፍል ኖራለች።

ማርች 5 ቀን 1953 ስታሊን ሞተ። አዲሶቹ የክሬምሊን ሰዎች ጦርነቱ ይቁም ብለው በሳምንታት ውስጥ ወሰኑ። በዚህ ጊዜ የታገለው ተደጋፊው ነው፦ ሲንግማን ሪ አገሪቱ ሳትዋሐድ አይቆምም ብሎ በጁን ወደ 27 ሺህ የሚጠጉ ምርኮኞችን በራሱ ሥልጣን ለቀቀና ስምምነቱን ሊያፈርሰው ተቃረበ። አሜሪካ በመከላከያ ውልና በገንዘብ አባበለችው። ደቡብ ኮሪያ በመጨረሻ አልፈረመችም፤ የፈረሙት የተባበሩት መንግሥታት ጦር፣ ሰሜን ኮሪያና የቻይናው “በጎ ፈቃደኛ” አዛዥ ናቸው። የሰላም ውል እስከ ዛሬ የለም። ወደ 250 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ 4 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ከጦር ነፃ ቀጠና አለ፤ በሁለቱም ዳር እስከ አፍንጫው የታጠቀ ጦር ቆሟል።

የሞቱት ሰዎች ግምት ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ይደርሳል፣ አብዛኞቹ ሰላማዊ ኮሪያውያን። የአሜሪካ ሟቾች ወደ 36 ሺህ ናቸው። ፈቃዱንና ታንኩን የሰጠችው የሶቪየት ኅብረት ሟቾች ደግሞ ወደ 300።

ጎንደር ከዚህ የምታውቀው ነገር አለ?

አለ፣ ያውም ከኮሪያ በፊት። በጁን 1884 ዓፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ዓድዋ ላይ ተዋዋሉ። በሱዳን በማህዲስቶች (በድርቡሾች) ተከበው የነበሩትን የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ይረዳሉ፤ በምላሹ ቦጎስ የተባለው የከረን አካባቢ ይመለስላቸዋል፣ በምፅዋ ወደብም ዕቃቸው በነፃ ያልፋል። ንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸው ፍላጎት ነበራቸው፤ ነገር ግን የእንግሊዝ ጠላት የእሳቸው ጠላት ሆነ። እንግሊዝ ዓመት ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 1885፣ ኢጣልያ ምፅዋን ስትይዝ ዝም አለች። የማህዲስቶች ጦር ግን ዕዳውን ለመሰብሰብ ለንደን አልሄደም። በጃንዋሪ 1888 በደምቢያ ሣር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ሰዉን ማረከ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች እንዳዳኗት የሚተርከውን ትውፊት ሳይሰማ ያደገ የጎንደር ልጅ የለም። በቀጣዩ ዓመት ዓፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ።

ይህን ሙሉ በሙሉ የውክልና ጦርነት ማለት አልችልም። ማህዲስቶች የማንም ተደጋፊ አልነበሩም፤ የድንበሩ ፍጥጫም ከውሉ የቆየ ነው። ባንደኛው ወገን ያለው ሁኔታ ግን ይመሳሰላል፦ ውሉን የተዋዋሉት ሦስት፣ ከተማዋ የተቃጠለችው የአንዱ።

የትኛውን ጦርነት የውክልና እንበለው?

አንድ ጥሩ መፈተኛ አለ፤ ደጋፊው ቢለወጥ ወይም ቢሄድ ጦርነቱ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ። በ1977 በኦጋዴን ጉዳይ የሆነውን የሚያስታውሱ አሉ። ሶማሊያን ለዓመታት ያስታጠቀችው ሶቪየት ኅብረት ነበረች፣ ኢትዮጵያን ደግሞ አሜሪካ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቦታ ተለዋወጡ፦ ደርግ በኤፕሪል የአስመራውን ቃኘው ጣቢያ ዘጋ፣ የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ በኖቬምበር ሶቪየቶችን አባረረ፣ የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደሮች ለኢትዮጵያ ደረሱ። ደጋፊዎቹ ወንበር ቢቀያየሩም ጦርነቱ ያው ነበር። መነሻው የድንበር ጥያቄ ስለነበረ ነው። የደጋፊዎቹ መለዋወጥ የለወጠው ማን እንደሚያሸንፍ ነው።

በመተማ ማዶ ያለውን ጦርነትም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። የአልቡርሃን ጦርና የሄሜቲ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል የተጣሉት በሥልጣንና ሁለተኛው ኃይል በመደበኛው ጦር ውስጥ እንዴት ይዋሐድ በሚለው ላይ ነው፤ ያ የራሳቸው ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለፈጥኖ ደራሹ መሣሪያ ታቀብላለች የሚል ክስ በተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ሪፖርት ሳይቀር ተነሥቶባታል፣ እሷ ታስተባብላለች፤ ግብፅ ደግሞ ወደ ጦሩ ታደላለች። ከኮሪያ የሚለየው እነዚህ ደጋፊዎች በዓለም ደረጃ ኃያላን አለመሆናቸው ነው። ትሩማንና ስታሊን እጃቸውን የሚሰበስቡበት የአቶም ፍርሃት በመካከላቸው የለም። ለመደበቅ የሚያበቃቸው ምክንያት ስማቸውና ንግዳቸው ነው፤ ያን ያህል ጠንካራ ልጓም አይደለም።